ሳያመኝ የተነቀለ ጥርስ

ቁንጅና ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ልቦናውን ነው፤ ጥርሱ ተራውን ጠብቆ ይከተላል። «ማን አለ?» ካላችሁኝ እኔ ነኝ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አጥቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ አዳማ ባቡር ሲያፏጭ ብቻ ከተማ በምትመስልበት ዘመን ነው። ሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሙሽራው የሞጆ ሰው ነው። እህቱ አልማዝ ልታየኝ መጥታ ፈገግ ብትል፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ... እናንተዬ! ከዚህች ሴት አጠገብ ተቀምጬ፣ በነጭ ጥርስ ብቻ ልሞሸር?

ያን ሰሞን አንድ አርመናዊ የጥርስ ሐኪም ከጣቢያው አጠገብ ቤት ተከራይቶ ነበር። ስሙ ስላስቸገረን እንደ ማንኛውም ፈረንጅ «ሙሴ» ብቻ እንለው ነበር። ሁለት ሰዎች ያሠለጥናል፤ አንዱ የአገሩ ጥርስ ነቃይ ኦቦ ቱፋ፣ ሌላው ከወሎ የመጣው አንጥረኛ ሰይድ። ለመለማመጃ አፍ ስለሚፈልጉ የመጣውን ሁሉ በነጻ ያክማሉ። እናቴን «ጥርሴን አሞኛል» አልኳትና ሄድኩ።

«ይቺን ወርቅ አልብሱልኝ» አልኩ፣ የፊት ጥርሴን እያሳየሁ።

ሙሴ በትንሿ መስታወት አየና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ምን ሆናለች?»

«ምንም» አለ ሰይድ። ወርቁ ከእጁ ስላመለጠው ያዘነ ይመስላል።

«እንግዲያው አንነካትም! የተበላሸውን እንጠግናለን፤ ስንጠግንም ሰው እንዳያውቀው አድርገን ነው። ጤነኛ ጥርስ ግን ባለቤቱ ቢለምንም አይነካም። የሙያው ሕግ ነው።»

ሕግ ሲጠቀስ ብልጠቴ መጣ። ጉንጬን ያዝ አደረግሁና፣ «ኧረ ያመኛል... እንቅልፍ ነስቶኛል!» አልኩ።

ሙሴ በቀጭን ብረት ነካ አደረገው። «እዚህ?»

«ውይ!»

«እዚህስ?»

«ውይ፣ ውይ!» የሠርጌ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ሙሴ ጢሙን እያሻሸ፣ «ቀዳዳ የለውም። እንዲህ ካመመ ከሥሩ በስብሷል ማለት ነው። ይነቀል!» አለ።

ሊያስፈራራኝ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ኦቦ ቱፋ ግን ጭራሽ አልገባቸውም። ወር ሙሉ «አይንቀሉ፣ ይጠግኑ» ሲባሉ ከርመው እጃቸውን በልቷቸዋል። ጉጠታቸውን ከኪሳቸው መዘዙ።

«አያመኝም አባቴ! ዋሽቼ ነው!»

«ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ። «ሃያ ዓመት ስነቅል፣ ጉጠት አይቶ ያልዳነ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

«በማርያም! ለወርቁ ብዬ ነው!»

«ፍርሃት እኮ ስንቱን ያስለፈልፋል...»

እሪ ልል አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ሙሴ «ይተዉ! ይተዉ!» ብሎ ሳይጨርስ... ቀጭ!

ኦቦ ቱፋ ጥርሴን ወደ መስኮቱ ይዘው አገላብጠው አዩት። «ምን ያለ ጤነኛ ጥርስ ነው!» አሉ፣ ራሳቸው ተገርመው።

ሙሴ ላቡን ጠረገና፣ «በታካሚ የቀለድኩ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንተካልሻለን» አለኝ።

እኔ ደግሞ፣ ልቦና ቢኖረኝ ኖሮ፣ ያን ጊዜ ዝም እል ነበር። በነጠላዬ ደሜን እየጠረግሁ፣ «እንግዲያው በወርቅ...?» አልኩት።

ሙሴ ትክ ብሎ አየኝ። «ሰው እንዳያውቀው አድርገን» አለ።

ሰይድ ሁለት ሳምንት ሙሉ የዝሆን ጥርስ ሲቀርጽልኝ ከረመ። በየቀኑ ከጎረቤቶቹ ጥርሶቼ ጋር ያስተያያል፣ ይሞርዳል፣ መልሶ ያስተያያል። ሲገባልኝ፣ ክፍተቱን ስታይ የከረመችው እናቴ እንኳ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት።

በሠርጌ ዕለት አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣ ጥርሴን ስታይ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ታድለሽ! እኔ እኮ ለዚህ ወርቅ ብዬ ደህናዋን ጥርሴን አስሞርጄ፣ ይኸው ቀዝቃዛ ውሃ በነካት ቁጥር ትጠዘጥዘኛለች። አንቺ ሁሉም የራስሽ ነው።»

«ተመስገን» አልኳት፣ ከንፈሬን ገጥሜ።

ወርቅ አልቀረብኝም፤ ሰይድ ጥርሱን ከጎረቤቱ ጋር ያሰረበት ቀጭን የወርቅ ማቀፊያ ከበስተጀርባ አለ። ይህን ከእኔ ወገን የሚያውቀው ምላሴ ብቻ ነበር። እሱም ያን ቀን የዋሸው በቅቶት፣ እስከ ዛሬ ትንፍሽ ሳይል ኖሯል።