የአጎቴ ዮጋና የእድሩ ድንኳን

ከእስር ቤት የወጣ ሰው ምን ሆኖ መውጣት እንዳለበት ሰፈራችን ጠንቅቆ ያውቃል። መክሳት አለበት። ትንሽ ሳል ቢኖረው ይመረጣል። ለእናቱ ከዶቃ የተሠራ ቦርሳ ይዞ ከመጣማ ከንፈር ይመጠጥለታል፣ በሙዝና በስኳር ይጠየቃል። ይህን ላሟላ ሰው ካዛንቺስ ይቅር ባይ ናት። የእናንተም ሰፈር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

አጎቴ ግርማ ዮጋ ይዞ ወጣ።

እስር ቤት የገባው ኡራኤል አካባቢ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ፣ በስካር የሰው ጥርስ አራግፎ ነበር። አብሮት የታሰረ አንድ አስተማሪ "ከመምታትህ በፊት ተንፍስ" እያለ ዮጋ አለማመደው፤ እሱም መተንፈሱን ወደደው። ከወጣ በኋላ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሰሌን አንጥፎ እግሩን አንገቱ ላይ ለማድረስ ይታገላል። ጎረቤቶቻችን ደነገጡ። ሲሰክር ቢያንስ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። "ሃይማኖቱን ለውጦ ነው" ያሉ አሉ። "ጨጓራው ነው" ያሉም ነበሩ።

ለእሱ ግን ጨዋታ አልነበረም። ታስሮ የወጣን ሰው የሚቀጥር ስላጣ፣ የሰፈሩን ወጣቶች ዮጋ አስተምሬ እኖራለሁ ብሎ ቆርጧል። ተማሪም አላጣም። ችግሩ ክረምት ገባ፤ የእኛ ቤት ደግሞ አንድ ሰው እጁን ሲዘረጋ ቁም ሳጥን ይመታል። ስለዚህ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዘውዴ ዘንድ ሄዶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን እንዲያውሱት ለመነ። እኔም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ታስረዳ ተብዬ አብሬው ሄድኩ። ጫማዬን ሳይ ቆይቼ ተመለስኩ።

"ልጄ፣ ድንኳኑ ለሞተ ሰው ነው" አሉ ጋሽ ዘውዴ። "አንተ ደህና ነህ፤ ምን እናድርግህ?"

"በሕይወት እያለሁ የምበላበትን ነው የምለምንዎት፣ ጋሼ።"

"ደንብ ነዋ! ስትሞት ማን ይከለክልሃል?"

አጎቴ ተነፈሰ። ድሮ ቢሆን የጋሽ ዘውዴም ጥርስ ባልተረፈ።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ፣ አጎቴ ግቢው ውስጥ ሰሌኑ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። የዮጋው ማሳረጊያ ይኸው ነው፤ ሳይንቀሳቀሱ እንደ ሬሳ መጋደም። ዝንብ ስላስቸገረው ጋቢውን ፊቱ ድረስ ሳበው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ልብስ ሊያሰጡ ብቅ ሲሉ አዩት። "ግርማ! አንተ ግርማ!" መልስ የለም። ከዚያ ያሰሙት ጩኸት ለገሃር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እኔ መስኮቱ ጋ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር። "ኧረ ዮጋ ነው" አልኩ። ድምፄን እኔም በደንብ አልሰማሁትም።

መቼም ስለ እድራችን የፈለጋችሁትን በሉ፣ ለሞት ሰነፍ አይደለም። ጡሩምባው ተነፋ፣ አግዳሚ ወንበሩ መጣ። ጋቢውን ገልጦ ማየት ለቤተሰብ የሚተው ነገር ነው፤ በሰዓቱ የነበረው ቤተሰብ ደግሞ እኔ ነኝ። ጋሽ ዘውዴ ራሳቸው የድንኳኑን ገመድ እየወጠሩ "እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው!" ብለው አለቀሱ። አጎቴን በሕይወቱ ጨዋ ያለው ሰው አልነበረም።

የመጨረሻው ካስማ ተመታ። አጎቴ ጋቢውን ገለጠና ቁጭ አለ።

የሚሸሸው ሸሸ፣ የሚያማትበው አማተበ። ጋሽ ዘውዴ የድንኳኑን ገመድ እንደያዙ፣ "አንተ! ይሄን ሁሉ እየሰማህ ነው ዝም ያልከው?" አሉ።

"ከእትዬ ብርቄ ጩኸት ጀምሮ" አለ አጎቴ ረጋ ብሎ። "ምን ላድርግ ጋሼ፣ ትምህርቱ አትንቀሳቀስ ነው የሚለው።"

ይሄኔ ዝናቡ ወረደ። ከድንኳኑ ወጥቶ የሚሄድ ጠፋ፤ የሸሹትም ተመልሰው ገቡ። "ከመጣችሁ አይቀር እስቲ ትከሻችሁን ላላ አድርጉ" አለ አጎቴ። "አየር ወደ ውስጥ!" ጋሽ ዘውዴ እየተቆጡ ወደ ውስጥ ሳቡ።

ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ይተከላል። ጋሽ ዘውዴ ደንብ የሚጥሱ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ወገባቸውን እያፍታቱ "ለቅሶው ገና አላለቀም" ይላሉ። በእድራችን ዘንድ አጎቴ እስካሁን ሟች ነው። ደግሞስ ምን ጎደለበት? ሥራ ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው።