ብዕሬ አረቅጥ ላይ አነጠሰች

እስክሪብቶ ተውሶ የሚመልስ ሰው ገና አልተወለደም። አዎ... አንተን ነው! ወደ ኋላህ አትዙር። ደረት ኪስህ ላይ የሰካሃት ባለ ሰማያዊ ክዳኗ የማን ናት? የእድሩ ጸሐፊ? የሚስትህ ወንድም? ተወው፣ አትመልስልኝ። እስክሪብቶ ያልመለሰ ሰው መልስ ይመልሳል ብዬ አልጠብቅም።

እኔ ባለ ቀለም ብዕር የምወደው ለዚህ ነው። እሱን ማንም አይሰርቅም። የተዋሰኝ ሁሉ ገና ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ አምስት ጣቱ ተጨማልቆ፣ «ኧረ ጋሽ ሽብሩ፣ እንካ ጉድህን!» እያለ ራሱ ሮጦ ያመጣልኛል። ስምንት አሉኝ። ሁለቱ ይጽፋሉ። አንዱ ደስ ሲለው ይጽፋል። የቀሩት አምስቱ እንደ ሚስቴ ወንድሞች ናቸው፤ ያምራሉ፣ ተኝተው ይውላሉ።

ሳቁ እንግዲህ! ቡታጅራ ውስጥ የብረት በር የሚበይድ፣ ጣቱ እንደ መፍለጫ የወፈረ ሰው ብዕር ሲሰበስብ ማየት እኔንም ያስቀኛል። ሚስቴን ትርፌን ግን አያስቃትም። የሌላው ወንድ መሳቢያ ሲበረበር የሚገኘው ነገር ትዳር ያፈርሳል። የእኔ መሳቢያ ሲበረበር የሚገኘው የቀለም ብልቃጥ፣ ቀለም የማያሰርግ ወፍራም ወረቀት፣ ብዕር ማጠቢያ መርፌና የፖስታ ማሸጊያ ቀይ ሰም ነው።

«ምነው ውሽማ በያዝክ!» ትለኛለች። «እሷ እንኳ ሸሚዝህን አታበላሽብኝም ነበር።»

ይህ አመል ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከአውራ ጣቴ ነው የመጣው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት የሚያውቀው አውራ ጣቴን ብቻ ነበር። ትልቋ ልጄ አስቴር ስታገባ ከእኛ ወገን አንዱ ምስክር ቀረና እኔ ተተካሁ። ጸሐፊው «ፊርማ» አለ። እጆቼን አየሁ። ገባው። አውራ ጣቴን እንደ ዶሮ አንገት ጨምድዶ ያዘና ሐምራዊው የማኅተም ቀለም ላይ ደፈቀው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ አንከባለለው... ወደ ግራ አንከባለለው... ሊጥ የሚዳምጥ ነው የሚመስለው። የአማቾቼ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አየና በታላቅ ትሕትና፣

«ልጅቷ ግን ተምራለች፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

ያችን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም፤ ጉሮሮዬ ላይ ናት። በማግስቱ ትምህርት ተመዘገብኩ። ያስተማረኝ መምህር አስናቀ ነው፤ ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ ላይ ያረጀ፣ ምላሱ ከአለንጋ የባሰ ሰው። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ ቆሞ አየኝና፣ «አንተ ሽብሩ፣ ፊደል ነው እንጂ በር አይደለም፤ አትበይደው!» አለኝ። ያን ቀን ማልኩ። ትንሿ ልጄ እመቤት ስታገባ፣ በገዛ እጄ፣ በባለ ቀለም ብዕር፣ ስሜን ከነአባቴ እጽፋለሁ። ከእንግዲህ ሐምራዊ ቀለም ጣቴን አይነካትም!

እመቤት ዘንድሮ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው የሚሠራው ወልቂጤ አጠገብ፣ ጉብሬ ስለሆነ ጋብቻው የሚመዘገበው ወልቂጤ ነው ተባለ። ከእኛ ወገን ምስክሮቹ የትርፌ ወንድም፣ መምህር አስናቀና እኔ።

«አባት ደግሞ ለመፈረም ምን አስቸኮለው?» አሉ ዘመዶች።

«ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው ቸኮለ ይባላል?» አልኳቸው።

በመጀመሪያ የታጨችው የመስታወት ብዕሬ ነበረች። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ፣ ጫፏ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ቀለም ውስጥ ነከር እያደረጉ የሚጽፉባት። ውበቷ! ፀሐይ ላይ ስትይዛት ሙሽራዋ እሷ ናት። ለልምምድ ተቀመጥኩ፣ ነከርኩ፣ «ሽ» ብዬ ጀመርኩ... ቀጭ! የበያጅ እጅ ነዋ።

ትርፌ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምንድን ነው የተሰበረው?»

«ብዕር።»

«ብዕር ይሰበራል እንዴ?»

«የመስታወት ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በመስታወት ሰው መልኩን ያያል እንጂ ይጽፍበታል? ወይኔ ልጄ! በዚህ ሰውዬ ፊርማ ልታገባ ነው!»

የመስታወቷን ቀበርኳትና ወደ ጥቁሯ ብዕሬ ዞርኩ። ወር ሙሉ ተለማመድኩ። «ሽብሩ በርጋ»፣ «ሽብሩ በርጋ»፣ «ሽብሩ በርጋ»... ሱቅ ላይ የመጣ ደንበኛ ደረሰኝ ሲጠይቅ ስሜን አራት ጊዜ ጽፌ እሰጠው ጀመር። ከመልመዴ ብዛት ፊርማው ሁለት ቀን ሲቀረው ሰማያዊ ቀለሜ ጥርግ ብሎ አለቀ። ቡታጅራ ውስጥ ደግሞ የብዕር ቀለም መፈለግ ፆም ላይ ክትፎ መፈለግ ነው። ወደ ሙዲን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሮጥኩ።

«አሰላሙ አለይኩም ሙዲን። ቀለም!»

«ወአለይኩም ሰላም ጋሽ ሽብሩ። የግድግዳ ነው የበር?»

«የብዕር!»

ሙዲን አሰበ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ አቧራውን እፍ ብሎ አንድ ብልቃጥ አወረደ። «ይኸውልህ። ወላሂ ይሄ ቀለም አይለቅም። አምና የነካኝ ይኸው...» ብሎ ጣቱን አሳየኝ።

«ሐምራዊ ነው እኮ!»

«የማኅተም ነው። ቀለም ያው ቀለም ነው ጋሼ። አንተስ የብረት በር ሁሉ ያው በር ነው ስትለኝ አልነበር?»

በገዛ አፌ ያዘኝ። መሐላዬ ጣቴን እንጂ ብዕሬን አይመለከትም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁና ገዛሁ። የማኅተም ቀለም ቶሎ እንዳይደርቅ ተብሎ የተሠራ መሆኑን እኔ አላውቅም። ሙዲን ያውቃል፤ ግን አልጠየቅኩትም።

አንድ ዕቃ ቀርቶኛል። የተጻፈ ቀለም ሳይደርቅ የሚመጥ፣ ከሥሩ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ መምጠጫ ወረቀት የሚለብስ፣ ከላይ እጀታ ያለው ነገር አለ። ፎቶውን ስልክ ላይ አይቼ ራሴው ሠራሁት። ስልኩ ላይ ያለው የእንጨት ነው። የእኔው ከላሜራና ከፌሮ የተበየደ ነው። በአዘቦት ቀን ትርፌ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥበታለች። እሱንም በፌስታል ያዝኩ።

በፊርማው ቀን ጠዋት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ኮቴን ክንዴ ላይ ጥዬ፣ ብዕሬን በልቤ በኩል ሰክቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መምህር አስናቀ አጠገቤ ነው፤ ሚስቴ፣ ወንድሟና ሙሽራዋ ከፊታችን። መምህር ኪሱ ውስጥ ያለችውን እስክሪብቶ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣

«ሽብሩ፣ ለማንኛውም ይችን ያዝ» አለኝ።

«ብሞት አልይዝም።»

ወደ ወልቂጤ ሲኬድ ከቡታጅራ እስከ አረቅጥ መንገዱ ዳገት ነው። ሚኒባሱ እያቃሰተ ይወጣል፣ ጆሯችን ይደፈናል፣ ብርዱ በመስኮት ይገባል። አረቅጥ ስንደርስ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ረጠበኝ። ላብ ነው አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠች፣ የቆጮ እስር የታቀፈች ሴትዮ ወደ ፊት አንገቷን አስግጋ አየችኝና ጮኸች።

«ኧረ በሥላሴ! አባባ ደምዎ እየፈሰሰ ነው!»

«ደም ሐምራዊ ነው እንዴ እናቴ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሀብታም እንደዚያ ይሆን ይሆናል!»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ ሳቀ፤ ገደል አፋፍ ላይ እኮ ነን! መምህር አስናቀ ግን የማስተማሪያ ዕድል አግኝቶ አይተውም። «ከፍታው ነው» አለ። «ሽቅብ ሲወጣ ብዕሯ ውስጥ የታፈነው አየር ያብጥና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጆሮህን የደፈነህ ነገር ነው።»

«አነጠሰች በለኛ!»

«አዎ፣ አነጠሰች። ይችኛዋ ግን» አለና እስክሪብቶውን ጠቅ አደረጋት፣ «ጉንፋን አይዛትም። ያዝ።»

«አልይዝም አልኩህ!»

ወልቂጤ ስንደርስ ትርፌ ቧንቧ ፈልጋ በሳሙና ፈተገችኝ፤ ቀለሙ በዝቶ ተመለሰ። ሙዲን ስለማይለቅ ቀለም የማለው እውነቱን ነበር። ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። እመቤት መጥታ እጄን ያዘች።

«አባዬ፣ በምንም ብትፈርምልኝ አባቴ ነህ እኮ።»

«ዝም በይ፤ ሙሽራ አይናገርም!» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ... ዓይኔን በቧንቧው ውሃ ደግሜ ታጠብኩ።

ቢሮው ሞቃት ነው፤ ማራገቢያው ከጣሪያ ላይ ይዞራል። ጸሐፊዋ ገና ልጅ እግር፣ ጨዋ ናት። ጠረጴዛው ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለ፤ ስለ እናንተ ያልኩትን መንግሥትም ያውቀዋል ማለት ነው። አማቾቻችን በእሱ ፈረሙ። የትርፌ ወንድም ፈረመ። መምህር አስናቀ በገዛ እስክሪብቶው ጠቅ አድርጎ ፈረመ። ተራዬ ደረሰ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው ከኋላዬ የቀረው፤ ትከሻዬ ላይ ቆሞ አተኩሮ ያያል። «ልጅቷ ግን ተምራለች» የምትለዋ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተገላበጠች።

በመጀመሪያ መምጠጫዬን አወጣሁና አስቀመጥኩ። ዷ! የጸሐፊዋ ሻይ ከብርጭቆው ዘለለ።

«አባባ... ምንድን ነው እሱ?»

«መምጠጫ ነው።»

«እ... እሺ።»

የብዕሬን ክዳን ነቀልኩ። አረቅጥ ላይ ያነጠሰችው ሁሉ ክዳኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሯል፤ የግራ እጄ ላይ ተደፋ። አላየሁም! ዓይኔ ጫፏ ላይ ነው። ማራገቢያው ወረቀቱን እፍ ሲለው በግራ አውራ ጣቴ ድፍት አድርጌ ያዝኩትና ጀመርኩ። ሽ... ብ... ሩ... በ... ር... ጋ።

«ጎሽ!» አለ መምህር አስናቀ፣ አፉ አምልጦት።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ፊርማ ብታየው! የ«ሽ» እግሮች እንደ ራሴ በር ቀጥ ብለዋል፤ የ«ጋ» እግር ወጣ ብሎ እንደ ዘበኛ ቆሟል። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ምናልባት ሰባት ሰከንድ ኖረ። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ... ግን መምጠጫ የበየደ ሰው ሳይመጥጥ ይሄዳል? አነሳሁና በኩራት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አወዛወዝኩት። ሳነሳው ስሜ የለም። በቦታው አንድ ሐምራዊ ደመና አለ፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከደመናው አጠገብ ደግሞ አውራ ጣቴን ባነሳሁበት ቦታ አንድ አሻራ ተቀምጧል። መስመሩ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀለሙ የተፈጠረለትን ሥራ አልረሳም!

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። «ፊርማው ተበላሽቷል አባባ። ግን አያስቡ፣ አሻራዎ በጣም ግልጽ ነው። እንደዚህ ያለ አሻራ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ጮክ እያለች ከጎኑ ጻፈች፦ «መጻፍ... ስለማይችሉ... በአሻራ...»

«እችላለሁ!»

«እሺ አባባ፣ አያፍሩ፤ ብዙ ሰው አይችልም።»

«እንዲህ እንዲህ ያለ ወግ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ እኮ!»

«እሺ አባባ» አለችና ለትርፌ በዓይኗ «ሁሌም እንዲህ ያደርጋቸዋል?» አለቻት። ትርፌ ጨካኟ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች!

ያኔ ነው ከኋላዬ ያለው ሽማግሌ ጎንበስ ያለው። መጣች አልኩ፣ ያቺ ጥያቄ መጣች። እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ወንድሜ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሁሉም ፈራሚ፣ እኔ ብቻ ባለ ጣት ልሆን ነው ብዬ... ተመስገን!» ካለ በኋላ ሳያስፈቅደኝ የገዛ አውራ ጣቱን የብዕሬ ክዳን ላይ ቅብት አድርጎ ከእኔው አጠገብ ተጫነ። ሁለት ሐምራዊ ጣት፣ ጎን ለጎን። እመቤት አይታ እንባዋ መጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ዛሬም አልነገረችኝም።

እኔ ግን በደስታ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «መጻፍ አይችልም የሚለው ይሰረዝልኝ!» አልኩ።

«ቅሬታ ካለዎት» አለች ጸሐፊዋ በትሕትና፣ «በጽሑፍ ያመልክቱ።»

ብዕሬን ብጭን ባዶ ናት። በክር የታሰረው እስክሪብቶ ክሩ እኔ ዘንድ አይደርስም። መምህር አስናቀ... ጠቅ አደረገና የራሱን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ! ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አልፈሰሰችም፣ አላነጠሰችም። ይህንንም የምጽፈው በእሷው ነው።

ትናንት እድር ላይ ተገናኘን። «አንተ ሽብሩ» አለኝ፣ «እስክሪብቶዬስ?»

«የምን እስክሪብቶ?» አልኩት። «እኔ እኮ መጻፍ አልችልም። የወልቂጤ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ አለኝ!»