ጊዜያዊ በሽተኛ

ደዌ ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት የለሽ ሆኖ መኖሩ ይታወቃል። ያሻውን ሰው፣ ባሻው ሰዓት፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይይዝ ነበር። ይህን መረን የለቀቀ አካሄድ መልክ ያስያዘው የሆስፒታላችን የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ምስጋና ይግባውና ሦስት ንዑሳን ኮሚቴዎች አቋቁሞ፣ ሕመምን ሁሉ በአራት መቶ ቁልፍ ነጥቦች ጠቅልሎ፣ ኪስ በምትገባ አንዲት መጽሐፍ አሳትሞ ለስፔሻሊስትነት ፈተና ተዘጋጁበት አለ። ከዚያ ወዲህ ከአራት መቶው ውጭ የሆነ ሕመም ይዞ የሚመጣ ሰው በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በፈተና ቀን ደግሞ ሰዓት እይዛለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያላየሁትን የነገሩኝ ጎረቤቴ፣ የዶክተር ነጥቡ አክስት ናቸው።

"ነጥቡ" ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው። ደህና አደርክ ሲሉት እንኳ "ነጥቡ ምን መሰለህ…" ብሎ ይጀምራላ! ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። በመመሪያው መሠረት ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ የአራት ዓመት ልፋቱን ውሃ በላው ማለት ነው። ይህን ስለሚያውቅ መጽሐፊቱን ከእጁ አይለያትም። ሲበላ ከሳህኑ ጎን፣ ጥርሱን ሲፍቅ ከቧንቧው በላይ ናት።

አክስቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸውን ያቆሙና መጽሐፊቱን ከፍተው ይጠይቁታል።

"ቁጥር መቶ ሠላሳ። በደንብ እየበላ ይከሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ሙቀት አይችልም፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ በትንሽ በትልቁ…"

"ይበሳጫል! የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት! አትጨርሺው አክስቴ፣ ለኔ ግማሹ ይበቃኛል!" ብሎ በደስታ ብድግ አለ።

አክስቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሱሪህን ሦስቴ አጥብቤልሃለሁ።"

"ጥናት ነዋ!"

"የሦስት ሰው ትበላለህ።"

"ጭንቅላት ምግብ ይፈልጋል።"

"ሰው ሁሉ ጃኬት ደርቦ አንተ በካናቴራ መስኮት ትከፍታለህ። እጅህስ? ትናንት ሻይህን ስትይዝ ማንኪያው ሲንቀጫቀጭ፣ በር የተንኳኳ መስሎኝ ልከፍት ተነሳሁ እኮ!"

"አክስቴ በናትሽ! የኔ እጅ ደግሞ ፈተና ላይ ይመጣል? መቶ ሠላሳ አንድን በይኝ!"

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አሉና ገጹን ገለጡ። ኋላ እንደነገሩኝ ግን በጣም ፈርተው ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ስድስት ተፈታኝ፣ ሦስት ፈታኝ፣ አንድ በሽተኛ። በሽተኛው ግን በተሰጠው መድኃኒት ያለ ፈቃድ ተሽሎት ማለዳውን ወደ ቤቱ ሄዷል። ከፈታኞቹ አንዱ የሆኑት የክፍሉ ኃላፊ ድርጊቱን "ከፍተኛ የሥነ ምግባር ጉድለት" ብለው በመዝገብ አሰፈሩት። ፈተናው ሊሰረዝ ሲል፣ ሳይደግስ አይጣላምና፣ ኮሪደሩ ላይ ላቡ የሚንቆረቆር፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ በመጽሐፍ ራሱን የሚያራግብ ሰው አዩ።

"ዶክተር፣ እስቲ እጅህን ዘርጋ።"

ዘረጋ።

"ድንቅ ነው!" አሉ ኃላፊው፤ እንባ ሊቀድማቸው ምንም አልቀረም። "ምንም ሳይጎድል!"

በአሥር ደቂቃ ውስጥ በ"ጊዜያዊ በሽተኛነት" የሚመድበው ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። "የኔ ፈተናስ?" ብሎ ቢጠይቅ "በመጨረሻ ትፈተናለህ፤ መብትህ የተጠበቀ ነው" ተባለ። የሆስፒታል ፒጃማ ለበሰና ተኛ። እኔም ሰዓቴን ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ተፈታኝ ከምሳ የማይለየው ባልደረባው ነው። ጎንበስ ብሎ በትሕትና ጠየቀው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው የመጡት?"

"የምን ጋሼ? ትናንት አብረን በልተን!"

"በሽተኛው ይበሳጫል" ብሎ ጻፈ። ከአሥር አሥር አገኘ።

አምስቱም በየተራ አንገቱን ዳሰሱ፣ የልብ ምቱን ቆጠሩ፣ መልሱንም በፈታኞቹ ጆሮ አንሾካሾኩ። የበሽተኛ ምስጢር ከማንም በላይ ከበሽተኛው መጠበቅ አለበታ! አምስቱም አለፉ። ኃላፊው "በክፍላችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ውጤት" በሚል አጭር ንግግር አደረጉ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በሽተኛው እንደተኛ አጨበጨበ።

በመጨረሻ የእሱ ተራ ሆነ። ሌላ በሽተኛ ስላልነበረ ነርሷ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት አውርዳ ፊቱ ላይ ይዛለት ቆመች።

"ይህን ሰው መርምር" አሉት ኃላፊው።

አየ። አንገቱን አዘንብሎ ደግሞ አየ። የኔ ልብ ከእሱ ልብ እኩል ይመታ ነበር፤ "መቶ ሠላሳ!" ብዬ ልጮህ ትንሽ ቀረኝ። ነገር ግን የሰዓት ያዥ ሥራ ሰዓት መያዝ ነው። "አንድ ደቂቃ ቀረ" አልኩ።

"ጤነኛ ወጣት ነው" አለ በሙሉ ልብ። "ነጥቡ፣ ፈተና አስጨንቆት ነው።"

ፈታኞቹ ተያዩና "ወድቋል" ብለው ፈረሙ። ለተፈታኙ የስንብት ደብዳቤ፣ ለበሽተኛው የምስጋና ምስክር ወረቀት በአንድ ፖስታ ተሰጠው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ፖስታውን እኔ ያዝኩለት።

አክስቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

"ወደቅኩ፣ አክስቴ" አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አቀፉት። ጀርባውን እያሻሹ፣ በትከሻው በኩል እኔን ጠየቁኝ።

"ፈተናው ገደል ይግባ። ለመሆኑ ስንት ሐኪም አየው?"

"ስምንት" አልኩ።

"ሕመሙን አወቁት?"

"ከእሱ በቀር ሁሉም! አምስቱማ በሱ ነው ስፔሻሊስት የሆኑት።"

"እሰይ! እሰይ! ታዲያ መድኃኒቱስ?"

ፖስታውን ከፈትኩ፣ ገለበጥኩ፣ አራገፍኩ።

"እሱ እንኳ" አልኳቸው "ጥያቄው ውስጥ አልነበረም።"