የመልካም ስጋቶች መዝገብ

ስጋት ሁሉ ክፉ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይደግስ አይጣላም» ሲሉ ወደዚህ እውነት ተጠግተው ነበር፤ የተናገሩት ያለ ቅጽ በመሆኑ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ጉድለቱን የሞላው በሰበታ ዳርቻ ያለ አንድ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘርሁን ከሦስት ቀን ሥልጠና ሲመለሱ፣ ሳይታሰብ መጥቶ ሥራን የሚያቃና ነገር «መልካም ስጋት» እንደሚባል፣ ተለይቶና ተመዝግቦም መመራት እንዳለበት አበሰሩን።

ጊዜው ኅዳር 2008 ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። የእኛ ፕሮጀክት የሽማግሌውን ገበሬ የኦቦ ኢተፋን ማሳ ጠርጎ መጋዘን ሊያቆም፣ ሰኞ የሚደርስ ዶዘር ይጠብቃል። ማሳው ላይ የቆመው ጤፍ የሽማግሌው ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው፤ ለመታጨድ ሳምንት ይቀረዋል። «ሳምንት ብቻ ታገሱኝ» ብለው ቢለምኑ፣ መርሐ ግብሩ ጤፍ እንደማያውቅ በአክብሮት ተነገራቸው።

እሑድ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ዶዘሩ ዓለም ገና ላይ ቀረ።

አቶ ዘርሁን አልደነገጡም። «ማሪቱ፣ መዝግቢ! ድንጋይ ያለ ጫኝና አውራጅ ቀርቦልናል።»

«ሠራተኛውም አልመጣም» አለች ጸሐፊዋ።

«ሰላማዊ የሥራ አካባቢ።»

«መብራትም ጠፍቷል።»

«ስብሰባው ያለ ፓወር ፖይንት ያጥራል። ጻፊ እንጂ!»

በሦስት ቀን ሠላሳ አንድ መልካም ስጋት ተመዘገበ። ቅጹ «ወጥተው ያልተመለሱ» የሚል ረድፍ ስላልነበረው እነሱ አልተመዘገቡም።

ከዚያ ዕድሉን እንጠቀምበት፣ እንጋራው፣ እናጎልብተው ወይስ እንዲሁ እንቀበለው የሚል ክርክር ተከፈተ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስብሰባው አላጠረም።

«እንጠቀምበት» በድምፅ ብልጫ አልፎ ማሳው ጋ ስንደርስ፣ ማሳው ተላጭቶ ጠበቀን።

«አካም ጂርቱ ኦቦ ኢተፋ! ጤፉስ?» አሉ አቶ ዘርሁን።

«ተወቅቶ ጎተራ ገባ።»

«መቼ?»

«እናንተ ስትሰበሰቡ። መንገዱ ሲዘጋ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ዋለ፤ ደቦ ጠራሁ።»

«ያ ዕድል እኮ በእኛ ስም የተመዘገበ ነው! ያለ ፈቃድ ነው የተጠቀሙበት!»

«መልስ ካላችሁኝማ፣ ሐምሌ ላይ መልሼ እዘራዋለሁ።»

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ፤ ፕሮጀክታችንም አብሮ ተዘጋ። የመዝጊያው ሪፖርት ግን ሥራ ላይ የዋለ አንድ መልካም ስጋት በስም ይጠይቃል። ፈልገን ያገኘነው የኦቦ ኢተፋን ብቻ ስለነበረ፣ ምርጥ ተሞክሯቸውን እንዲያካፍሉ ተጠሩ። የታሸገ ውኃ ቀረበላቸው።

«ዕድሉን ለመጠቀም የትኛውን ስልት ተከተሉ?»

ሽማግሌው ቀልድ መስሏቸው ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ማንም አልሳቀም።

«ማጭድ» አሉ።

«ማሪቱ፣ በትልቁ ጻፊው!»

ማጭድን የሚያጠና ኮሚቴ እዚያው ተቋቋመ። ኦቦ ኢተፋ በአባልነት ቢመረጡም፣ «ሽንብራዬ ደርሷል» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ያለ በቂ ምክንያት ስብሰባ አቋርጠው የወጡ» ተብለው ተይዘዋል።