አማቴ ስለ እኔ የጠጡት ጠላ

የሚስቱ ወላጆች ቤት ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ወንድ የታደለ ነው። የቀረበለትን ይበላል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሣል፤ ተከብሮ ይኖራል። አንዳንዶቻችን ግን አይሆንልንም። አጥሩ ዘመም ካለ ካላቃናሁ፣ ሬዲዮው ካንኮራፋ ካልፈታሁ እንላለን። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ራሱን ያውቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ለእኛው ነው።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ እንጅባራ ላይ ሞባይልና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። የሚስቴ አባት አያ ታከለ ደግሞ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብለው፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከሉ ከሰል ያከስላሉ። ለማታውቁት ላስረዳ፤ ለዓመታት ያደገው ዛፍ ይቆረጥና ይከመራል፣ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ እሳት ይለቀቅበታል። ውስጥ ውስጡን መጨስ እንጂ መንደድ የለበትም። አፈሩ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ነፋስ ከገባ ያ ሁሉ ልፋት አመድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አጠገቡ ጎጆ ቀልሶ ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። የአያ ታከለ ክምር ነዶ አያውቅም ነበር። «ልክፈተው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ሀብታቸውም፣ ስማቸውም፣ ኩራታቸውም እሱው ነው።

ዘንድሮ ጉልበታቸውን ሲያማቸው አየሁና አላስችል አለኝ። «ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ፤ ክምሩ ከልክ በላይ ሲግል ራሱ የሚደውልልዎ ማሽን እሠራለሁ» አልኋቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ እሳቸውም እንደ ወጉ አንቱ ይሉኛል። «እርስዎ ካሉማ» አሉ። በቃ፣ አልተከራከሩም። ምነው በተከራከሩኝ!

ማሽኑን ሠራሁ። ማይክሮኮንትሮለር የምንላት ጥፍር የምታክል ቺፕ ሙቀቱን ትለካለች። የምትናገረው ግን ለሁለት ነው። ጎጆው ውስጥ ላለችው ትንሽ ስክሪን «ሙቀቱ ይህን ያህል ደርሷል» ትላለች፤ ሲም ካርድ ለገባበት ሰሌዳ ደግሞ «ለአያ ታከለ ደውል» ትላለች። ችግሩ፣ እጄ ላይ የነበረችው ቺፕ የምትናገርበት ሲሪያል ፖርት፣ አፏ በሉት፣ አንድ ብቻ ነው። ደግነቱ ሥራ ላይ እያለች «ከብረት እግሮችሽ ይህን ተዪና በዚያኛው ተናገሪ» ማለት ይቻላል። እኔም አንዷን አፍ አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ ሲም ሰሌዳው እያዞርኩ አናገርኋት። ሱቄ ውስጥ ስሞክረው ደወለ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እንግዲህ ቺፗ ተናገሪ ስትባል ፊደሎቹን አሰልፋ አንድ በአንድ ነው የምትለቅ። የመጨረሻው ፊደል ሳይወጣ እግር ከቀየራችሁባት የተረፈው ንግግር ወደ ሌላኛው ይሄዳል። ይህን አጥቼው አይደለም፤ «እስክትጨርሺ ትንሽ ቆዪ» የምትል አንዲት መስመር ጽፌ ነበር። ልንተክለው በምንሄድበት ጠዋት ግን ስክሪኑ ቆየት፣ ቆየት እያለ ሲቀየር አየሁና፣ አማቶቼ ፊት ዘገምተኛ እንዳይመስልብኝ ብዬ መስመሯን ሰረዝኳት። መልሼም አልሞከርኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለእኔ የሚለቀምም አልተረፈኝም።

ማሽኑ በተተከለ ሰሞን ጎረቤት ክርስትና ነበር። አያ ታከለ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨስ ክምር ትተው ድግስ ሄዱ። ስልካቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ጠላውን አንዴ ቀመስ አድርገው አስቀመጡት። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስለ ማሽኔ አስረዳለሁ። አይ እኔ! ወሬዬ ሳያልቅ እትየ ብዙአየሁ «ኡኡ! የአያ ታከለ ክምር ነደደ!» እያሉ ደረሱ። እትየ ብዙአየሁ ባላቸው ከሞተ ወዲህ የራሳቸውን ክምር ብቻቸውን የሚጠብቁ ጎረቤት ናቸው።

ሮጥን። አፈር በአካፋ ብናለብስ፣ ቅጠል ብንጭን ምን ዋጋ አለው፤ እሳቱ ከእኛ በፊት ጨርሶ ነበር። ጎጆው ውስጥ ገብቼ ስክሪኑን አየሁት። የአያ ታከለ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ለሲም ሰሌዳው መድረስ የነበረበት የደውል ትእዛዝ መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ስክሪኑ ሄዷል። ማሽኔ ለባዶ ጎጆ ቁጥራቸውን ሲያሳይ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጭጭ ብሏል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ወጥቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልደወለም» አልኋቸው። አመዱን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይሁን። እጅዎን ይታጠቡ» አሉኝ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቱ «እግዜር ይተካ» ሊል ቤት ሞላ። አንድ ሽማግሌ በአውኝኛ የሆነ ነገር ጠየቁ፤ አያ ታከለም በአውኝኛ መለሱ። የእኔ አውኝኛ ከሰላምታ አያልፍም። ሰዉ በንቀት ያየኛል ብዬ ጠበቅሁ። እነሱ ግን እኔን ትተው አያ ታከለን እያዩ ሳቁ፤ ሽማግሌውም ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው። ባለቤቴን ምን እንዳሉ ጠየቅኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ፊቴን ሳታይ «ማሽኑማ ደውሏል፤ እኔ ነኝ ጠላው ይዞኝ ችላ ያልኩት፣ እያሉ ነው» አለችኝ።

አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም። ያችን አንዲት ጉንጭ ጠላ! እውነቱን ብናገር እኒያን ሽማግሌ በገዛ ቤታቸው፣ በጎረቤት ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰካራም ሆነው ሊቀሩ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው አፌ ውስጥ ነቀዘ።

ይኸኔ እትየ ብዙአየሁ እንድሰማቸው በአማርኛ «ወንድም ዓለም፣ ለእኔም ሥራልኝ እንጂ! እኔ እንኳ ጠላ አልወድም፤ ሲደውል አነሣለሁ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ታከለም አብረው ሳቁ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር እግዜር ይወቅ። እሳቸው ቀደሙኝ። ዓይን ዓይኔን እያዩ «ይሥሩላት እንጂ» አሉኝ። «ለእሷማ ይደውልላታል።»

አንገቴን ደፍቼ እትየ ብዙአየሁን ስልክ ቁጥራቸውን ጠየቅኋቸው።