ለቤቱ የተገዙ ወንበሮች

«ቤቴን እሠራለሁ ከጋራው ከፍ ብዬ፣
እም… እም እም…»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶባታል። መምህርት እየሩስ ክፍሏን ስትጠርግ ይህችኑ ታንጎራጉራለች፤ አከራይዋ እማማ አዛለች ከግድግዳው ማዶ ይሰማሉ። ስንኙን ያውቁታል። እስክትጠይቃቸው ይጠብቃሉ።

ቤት ሳይኖረው የቤት ዕቃ የሞላው ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። የሞላሌ ከተማዋ «ክብርት ባለቤት» እየሩስ ግን የሁሉም አለቃ ናት። ያላት አንዲት የኪራይ ክፍል፤ በውስጧ የሳሎን መጋረጃ፣ የበር እጀታ፣ ከነላስቲካቸው የተደረደሩ ወንበሮች። አልጋዋ ጋ የሚደረሰው በጎን ተሂዶ ነው።

ለራሷ ሽንኩርት ስትገዛ ነጋዴው እስኪያዛጋ ትከራከራለች። ዕቃው «ለቤቱ» ከሆነ ዋጋ መጠየቅ ነውር ይመስላታል። ባለሱቁ አወቀ አንድ ክረምት አዘነላት።

«መምህርት፣ ጫማሽ ውሃ ያስገባል። ቦቲ ልስጥሽ?»

«ጫማ ያልቃል። እጀታውን አሳየኝ።»

«ቤቱ ሲሠራስ ጭቃ ውስጥ ቆመሽ ግንበኞቹን የምትቆጣጠሪው በምንድን ነው?»

ወዲያው ገዛች። ወስዳም ከነካርቶኑ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

የምትበላውም ቆማ ነው፣ ሳህኑን መስኮቱ ላይ አድርጋ። እማማ አዛለችን የሚያንገበግባቸው ይሄ ነው፤ ሳይሞቱ ይህችን ልጅ ተቀምጣ ስትበላ ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን የበግ ቅቅል ይዘው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ገቡ።

«ቆሞ የሚበላ በቅሎ ነው። ተቀመጪ።»

«የት ልቀመጥ፣ እማማ?»

«ወንበር መሃል ሆነሽ?»

«ለቤቱ ነዋ።»

«ቤቱስ መቼ ነው?»

«የመሬቱ ዕጣ ሲወጣ…»

«እኔ እስከዚያ አልቆይሽም፣ ልጄ።»

እየሩስ ቅቅሉን የምታወጣበትን ጭልፋ አስቀመጠች። ከወንበሮቹ መሃል ክንድ ያለውን፣ ስፖንጁ ወፈር ያለውን ነካ አደረገችው።

«ይሄ እኮ የእርስዎ ነው። ለጉልበትዎ ብዬ። መጀመሪያ ገብተው፣ ተቀምጠው እንዲመርቁልኝ።»

እማማ አዛለች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያም «ቢላ አምጪ» አሉ።

ላስቲኩ ተቀደደ። ተቀመጡ፤ ክንዱን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉና ሌላ ነገር ወጣቸው፦

«ማን ይቀመጥበት፣ ካልመጣህ ገላዬ።»

«ዘፈኑ እንዲያ ነው እንዴ የሚያልቀው?»

«እንዲያ ነው። በይ፣ ቅቅሉ ሳይቀዘቅዝ።»

እየሩስ ቦቲውን ከሌላኛው ወንበር ላይ አወረደች፤ ላስቲኩን ገፈፈች፤ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጉርሻ እማማን አጎረሰች። ሁለተኛውን ለቤቱ አላስቀመጠችም።