ጀግናዪቱ የማን ልጅ ናት?

ታሪክ የማያስጨርስ ሰው የሌለበት አገር የለም። ደጋ ውጡ ቆላ ውረዱ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከዕለታት አንድ ቀን» ሲል፣ ከጥግ አንዱ «የትኛው ቀን?» ማለቱ አይቀርም። አንዳንዱ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ሁለትም ሦስትም ይደርሰዋል። አንኮበር የደረሳት አንድ ነበር፤ እሱም በዝቶባታል።

ክብርት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የቄስ ልጅ፣ የቄስ ሚስት፣ ኋላም የቄስ እናት ናቸው። በስልሳ ዓመታቸው መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል ቆጠሩ። ማንበብ በቻሉ በሳምንቱ ደግሞ የጽሑፍ ሁሉ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ራሳቸውን ሾሙ። ሹመቱን ያጸደቀ የለም፤ የተቃወመም የለም።

መከራው የወደቀው በመምህር ዘርአ ዳዊት ላይ ነበር። መምህር ዘርአ ዳዊት የሃያ ስድስት ዓመት ሰው፣ የእነዋሪ ልጅ፣ ዝምተኛ ነው። ጠዋት ልጆች ያስተምራል፤ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ በገበሬ ማህበሩ አዳራሽ ሴቶችን ያስነብባል። በ1975 ዓመተ ምሕረት ኅዳር መጨረሻ ላይ ከወንድሙ ደብዳቤ ደረሰው። እናታቸው በጥቅምት መባቻ ማረፏን፣ አርባዋም መውጣቱን የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆንም እንደ ወትሮው ክፍል ገባ። ለማንም አልተናገረም። ከየት እንደሚጀመር አላወቀበትም።

በዚያው ወር ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። በሬዲዮ የወጣቶች ልብ ወለድ ውድድር ተነግሮ ነበር፤ ማብቂያው የሚያዝያ ሠላሳ ነው። ታሪኩ ወደፊት በሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመተ ምሕረት ይፈጸማል። በብረት ግንብ የታጠረች አንዲት ከተማ አለች፤ ጌታዋ ፀሐይን በራሽን ያድላል። ሕዝቡ ካርድ ይዞ ተሰልፎ፣ በሳምንት ሩብ ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል። ይህን ግፍ የምትገለብጠው የአስራ ስድስት ዓመቷ ነበልባል ናት። ነበልባል ቀስት ትወረውራለች፤ ቆንጆ ናት፣ ቆንጆ መሆኗን ግን አታውቅም። መብረቅና ደመና የሚባሉ ሁለት ጎረምሶች ይወዷታል። እናቷ በአንደኛው ገጽ ትሞታለች፤ በሁለተኛው ገጽ ነበልባል ቀስቷን አንስታ ትነሣለች።

ሴቶቹ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሳንባ በሽታ የሚናገሩትን ሦስት መጻሕፍት አንብበው ጨርሰው በቃላቸው ሊወጧቸው ደርሰው ነበር። መምህሩም ለንባብ መለማመጃ ይሆናል ብሎ የራሱን ደብተር አመጣላቸው። በሕይወቱ ከሠራቸው ስህተቶች ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ደብተሩ በመጀመሪያ የደረሰው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እጅ ነው። በሌባ ጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን እንደ ወንጌል ከፍ አድርገው አንደኛውን ገጽ አነበቡ። ሁለተኛውን ገለጡና ቆሙ።

«የኔታ» አሉ። መምህር የሚባል ሁሉ በሳቸው ቤት የኔታ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት?»

«ነበልባል ናት፣ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ።»

«እሱስ ስሟ ነው። የክርስትና ስሟስ? አባቷ ማነው?»

«አባት የላትም።»

«እናቷም አሁን ሞተችባት። አክስት የለ፣ አጎት የለ፣ ጎረቤት የለ። የኔታ፣ ይህችን ልጅ ከሜዳ ነው ያነሷት?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ታሪክ የነበልባል መከራ ታሪክ ነው። የብረት ከተማው ጌታ ያላደረሰባትን ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አደረሱባት።

ነበልባል ጫካ ገብታ ጥንቸል ወግታ ጠብሳ በላች። ክፍሉ በአንድ አፍ «እ!» አለ። አንዷ ተነሥታ በመስኮት ተፋች። «ያውም በሁዳዴ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ። መምህሩ ሌሊቱን ጥንቸሏን ሰርዞ ጾሙን አሳለፈና ቆቅ አደረጋት። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ሰሊሃ እጇን አወጣች። ሰሊሃ ከአሊዩ አምባ በርበሬ እያመጣች የምትቸረችር፣ በክፍሉ ሁለተኛዋ ጠያቂ ናት።

«መምህር፣ ቆቋን ማን አረደላት?»

«በቀስት ነው የወጋቻት።»

«እንግዲያማ በክት ናት። አላህ ያሳይህ፣ በክት አብልተሃት ነው አገር ነጻ የምታወጣው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓለም አዳኟ ነበልባል በሶ ይዛ ትዞራለች።

ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሮጣም ጸጉሯ በሹሩባ እንደ ተሠራ ነው ሲባል፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሹሩባውን ማን ሠራላት? ለራሷማ አትሠራም። ሴት ጓደኛ አላት?»

«የላትም። ነበልባል ከሌሎቹ ሴቶች የተለየች ናት።»

አስራ ዘጠኝ ሴቶች መምህሩን አዩት።

«ሌሎቹ ሴቶች» አለች ሰሊሃ ቀስ ብላ፣ «እኛ ነን?»

መምህሩ የዚያን ቀን ትምህርቱን ከሰዓቱ በፊት ጨረሰ።

ቆንጆ መሆኗን አታውቅም የሚለውም አላለፈም። «አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ውኃ ስትቀዳ አንድ የሚለክፋት ጎረምሳ ታጣ?» ተባለ። የመብረቅና የደመና ነገር ደግሞ አንድ ሙሉ ረቡዕ ፈጀ። ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለው ሽምግልና ተቀመጡ፤ የሁለቱም ዘር እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጠር ተጠየቀ። ደራሲው አንድ ቤት እንኳ አልቆጠረም ነበር። «እንግዲህ ወንድሟ ቢሆንስ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ለሁለቱም ከልክለው ደብተሩን ዘጉ።

የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ጓድ ገብረአብም ወሬው ደርሷቸው አንድ ቀን መጥተው አዳመጡ። ሲጨርሱ አሰቡ አሰቡና፣ «የፀሐዩ ራሽን ምኑ ነው ጥፋቱ? ወረፋው ካልተዛባ» አሉ። አንኮበር ላይ ጉም ከገባ አስራ አንደኛ ቀኑ ስለነበር፣ በሳምንት ሩብ ሰዓት ለብዙዎቹ የሚናቅ አልመሰላቸውም።

ይህን ሁሉ መምህሩ ቻለው። ያልቻለው አንዲቱን ነበር። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የትኛውም ገጽ ላይ ይሁኑ፣ ንባቡ ሲያልቅ ወደ አንደኛው ገጽ ይመለሱና ጣታቸውን ያሳርፋሉ። «ይህችን እናት ማን አለቀሰላት?» ይላሉ። እሱም ሁልጊዜ፣ «ታሪኩ መፍጠን አለበት እትዬ፤ ጊዜ የለም» ይላል።

የሚያዝያ ሃያ ስድስት ረቡዕ ሆነ። ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና ደብተሩን ለፖስታ ቤት ማድረስ አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ውድድሩ ያልፋል። የቀረው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደብተሩን ተቀበሉ፤ ዘጉት፤ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አልገልጥም።»

«እትዬ፣ የቅዳሜው መኪና...»

«መኪናው ይሂድ። የኔታ፣ እዚህ ደብተር ውስጥ ያልተለቀሰለት ሰው አለ። አራት ወር ሙሉ በላይዋ ላይ ስንሮጥ ከረምን። እኔ ከእንግዲህ አልረግጣትም።»

«ልቦለድ እኮ ናት!»

«ትሁና! እናት አይደለችም? ስሟን ይንገሩኝ። ስሙን ለማላውቀው ሰው እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ?»

መምህሩ ስም ሊፈጥር አፉን ከፈተ። አንድ ዝናብ፣ አንድ ነፋስ፣ የሆነ ነገር ሊል ነበር።

«አመተ ማርያም» አለ።

«እሰይ፣ ይህ ስም ነው። ምን ታውቅ ነበር? ሳለቅስላት በምን ላወድሳት?»

«ማንበብ አታውቅም» አለ መምህሩ። «ልጇ ደብዳቤ ሲጽፍላት ዲያቆኑን ሁለቴ ታስነብበዋለች። መጀመሪያ ለመስማት፤ ከዚያ ዲያቆኑ የዘለለው እንዳለ ለማጣራት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሰሊሃ ግን አልሳቀችም። «ልጅ ነው ያልከው መምህር? ነበልባል ሴት ናት።»

መምህሩ ጠመኔውን በጣቱ ያሽከረክራል። ሰሊሃን የሰማት አይመስልም።

«መቼ አረፈች?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በጥቅምት። ደብዳቤው የደረሰኝ አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው።»

ጠመኔው ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። ሰሊሃ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደብተሩን ወንበሩ ላይ አኖሩና ተነሡ። ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለበሱ።

«ልጄ» አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የኔታ አላሉትም። «አምስት ወር ሙሉ ብቻህን? ና ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ከዚያ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አመተ ማርያምን በስሟ ጠሯት። ደብዳቤ ሁለቴ የምታስነብቢው አሏት፣ የዲያቆን ተቆጣጣሪዋ አሏት፣ ልጅሽ ፊደል ያስቆጠረን አሏት። የቀሩት ሴቶች ተቀበሏቸው። መምህር ዘርአ ዳዊትም ፊቱን በጠመኔ በነጣ እጁ ሸፍኖ፣ ከኅዳር ጀምሮ ያቆየውን አለቀሰ።

ጩኸቱን ሰምተው ጓድ ገብረአብ እየሮጡ ገቡ። «ማነው የሞተው?»

«የነበልባል እናት» አለች ሰሊሃ እንባዋን እየጠረገች።

ጓድ ገብረአብ ቆባቸውን አውልቀው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሟቿ በማህበር ትታቀፍ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም።

ሲበቃቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ደብተሩን አነሡ፣ ለመምህሩ ሰጡት። «ይህን ጻፈውና፣ አሁን ቀስቷን ታንሣ» አሉ።

ሐሙስና ዓርብ የመምህሩ ቤት ንፍሮ ይዞ በሚገባ ሰው ሞልቶ ዋለ። እሱም እንግዳ ጋብ ባለ ቁጥር ይጽፋል። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩ አስራ አንድ ገጽ ለቅሶ ተጨምሮበት ለመኪናው ደረሰ። በአስራ አንዱ ገጽ ውስጥ ለነበልባል ሁለት አክስትና አንዲት ሹሩባ የምትሠራላት ጓደኛ ተገኝተዋል።

መልሱ የመጣው በነሐሴ ነው። መምህሩ ጉዳይ ኖሮት ደብረ ብርሃን ሄዶ ስለነበር ከፖስታ ቤት ራሱ ተቀበለው። ዳኞቹ ድርሰቱን አልመረጡትም። ጀግናዋን ወደዋታል፤ «ይሁን እንጂ መግቢያው ላይ ያለው ለቅሶ ታሪኩን ስለሚያዘገየው በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጠቃለል» ይላል ደብዳቤው።

መምህር ዘርአ ዳዊት በመኪናው ላይ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ፈገግ አለ። አንኮበር ሲደርስ ጉሙ ወርዷል፤ ዝናቡ ይወርዳል። ቤቱ እንኳ ሳይገባ፣ እየተንሸራተተ ወደ አዳራሹ ሮጠ። ሴቶቹ ነበሩ። ደብዳቤውን ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሰጣቸውና፣ ሱሪው በጭቃ እንደ ተለወሰ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ጠበቀ።

በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት። የዘለሉት እንዳለ ለማጣራት እንደገና አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ዳኞች» አሉ፣ «የማን ልጆች ናቸው?»

ከደብረ ብርሃን ጀምሮ የቸኮለው ይህችን ለመስማት ነበር።